ለመስከረምና ለጥር ምን ዓይነት ጨርቅ ላምጣ?

ሰፊዋ_ማርቆስ
ሰላም የጎጃም ልጆች። ደብረ ማርቆስ ትንሽ ስፌት ቤት አለችኝ፣ ጎን ለጎን ጨርቅ በሜትር እሸጣለሁ። ክረምቱ ሳያልቅ መርካቶ ሄጄ ለእንቁጣጣሽና ለጥር ሰርግ የሚሆን ጣቃ ላመጣ ነው። ቲክቶክ ግን ግራ አጋባኝ። አንዱ ነጠብጣብ ይላል፣ ሌላዋ የነብር ቆዳ ትላለች፣ አንዷ ደግሞ የቅቤ ቢጫ ካልያዝሽ አለቀልሽ ባይ ናት። ደንበኞቼ ተማሪ፣ አስተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ ሙሽራም አይጠፋም። ገንዘቤን አንድ ዲዛይን ላይ አስሬ ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ሳየው መክረም አልፈልግም። የጥለት ፕሪንት ያለው ጨርቅስ ልያዝ? እንደሚያከራክር አውቃለሁ፣ ግን በጣም ይጠይቁኛል።

የጣና_ዳር
እህቴ፣ መጀመሪያ የፈረንጆቹን ወቅት ከእኛ ወቅት ለይው። እነሱ ለበጋ ብለው የሚለብሱት ስስ ጨርቅ ቪዲዮው እኛ ጋ የሚደርሰው ሐምሌ ላይ፣ የጮቄ ሰው ጋቢ ደርቦ እሳት ሲሞቅ ነው። ደግሞ ጨርቁ የሚመረጠው ከዓመት በፊት ነው። ፓሪስ ላይ ፕሪሚየር ቪዥን የሚባል የጨርቅ ኤግዚቢሽን አለ፤ በፌብሩዋሪ የሚታየው ለቀጣዩ ዓመት በጋ የሚሆነው ነው። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ አዲስ የተባለልሽ ነገር ለፋብሪካዎቹ ካረጀ ቆይቷል።
ነጠብጣቡና የቅቤ ቢጫው በፈረንጆቹ 2025 የገነኑ ናቸው። ነጠብጣቡን ያዢው፣ በጥቁርና በጥልቅ ሰማያዊ መደብ ላይ ደቃቁን፤ አስተማሪዋም ትለብሰዋለች፣ ፋሽኑ ቢያልፍም አያሳፍርም። ቢጫውን በትንሹ። የነብር ቆዳ ለሻሽና ለሻርፕ ይበቃል። ፓንቶን የሚባለው የቀለም ድርጅት ለ2025 ሞካ ሙስ የሚል ቡናማ መርጦ ነበር፣ ለ2026 ደግሞ ክላውድ ዳንሰር ብሎ ነጭ መረጠ። ነጭ! ይህን ለጎጃም እናት አዲስ ፋሽን ነው ብለሽ ንገሪያትና ስትስቅብሽ ታያለሽ።

ኢቴክስ_ተመራቂ
ዲዛይኑን ተይውና ጨርቁን እዪ። ጀርባውን ገልብጪው፤ ፊቱ ደማቅ ሆኖ ጀርባው ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ላይ በሙቀት የታተመ ነው። ቀለሙ አይለቅም፣ ግን ሲወጠር ነጩ ብቅ ይላል፣ ላብም አይመጥም። ጥጥ ላይ ሪአክቲቭ በሚባለው ቀለም የታተመ ከሆነ ቀለሙ ከክሩ ጋር ስለሚዋሃድ እጥበት ይችላል። ለማንኛውም ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ፈተግ አድርጊው፣ ከነካካው ተይው። ክር መዘሽ ብታቃጥይ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል። ከእንጨት የሚሠራው ቪስኮስ የሚባለው ጨርቅም እንደ ጥጥ ስለሚነድ በእሳት አትለይውም፤ እሱን ሳትቆርጪ በፊት እጠቢው፣ ይሰበሰባል።
ሌላው፣ ትልልቅ አበባ ያለው ፕሪንት ስፌቱ ላይ መገጣጠም ስላለበት ተጨማሪ ሜትር ይበላል። ዋጋ ስትነግሪ ይህን አስቢበት፣ አለዚያ ከኪስሽ ነው የሚሄደው።

የሸማኔ_ልጅ
የጥለት ፕሪንቱን ባትይዢው ደስ ይለኛል። አባቴ አንድ ጥለት ለመጣል እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ስንት ቀን ይቀመጣል። እነሱ ፎቶ አንስተው በማሽን ያትሙታል። ከሩቅ ያምራል፣ ቀረብ ብለሽ ስታይው ወረቀት።

ቡሬ_ላይ
ወንድሜ እውነትህን ነው፣ ግን በደመወዝ የምትኖር ልጅ ሙሉ የሸማ ቀሚስ ከየት አምጥታ ትግዛ? እኔ ያየሁት መላ ይሻላል። ነጭ ወይም ቡናማ ክሬፕ የሚባለው ጨርቅ ይገዛል፣ ጠርዙና ደረቱ ላይ ከሸማኔ የተገዛ ቀጭን ጥለት ይሰፋበታል። ሸማኔውም ይሠራል፣ ልጅቷም ትለብሳለች። ሰፊዋም ብትሆኚ ፕሪንት ሸጠሽ ከምታገኚው የስፌቱ ይበልጥብሻል።

የእንጅባራ_ልጅ
ለጥር ከሆነ አትዘግዪ። ጥምቀት አለ፣ ሰርግ አለ፣ እኛ ጋ ደግሞ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ነው። ያኔ ልስፋ ብትይ ክርም አታገኚ።

ሰፊዋ_ማርቆስ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ብዙውን ገንዘብ ያለ ፕሪንት ክሬፕና ጥጥ ላይ አደርጋለሁ፣ ነጠብጣቡን በመጠኑ፣ አበባውን ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ሜትር። የቡሬውን መላ ወድጄዋለሁ። ጥለቱን ብቻ በሜትር የሚሸጥ ሸማኔ ማርቆስ ወይ ደጀን አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ታጥቦ ቀለሙ ክሬፑ ላይ እንዳይወርድ ክሩ የማይለቅ መሆን አለበት፤ ኢቴክስ፣ እሱንም በእርጥብ ጨርቅ ብፈትገው ይበቃል ወይስ ሌላ መለያ አለው?