«ተጎብኝቷል» ሲባል ማን፣ ስንት ሰዓት ላይ?

ሐመልማል፦ ሻምበል ትናንት «ፖሊስ ጣቢያው ተጎብኝቷል፣ ችግር አልተገኘም» ብለው ክርክሩን ዘጉት። ጣቢያ ሙዚየም ነው እንዴ የሚጎበኘው? ቀኑ ከተነገረ ማታውኑ ወለሉ ይታጠባል፣ ግማሹ እስረኛ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል።

ሻምበል፦ ተጎብኝቷል አልኩ፣ ተጎብኝቷል። ሳይናገር የመጣን ሰው ተረኛው በር ላይ ያቆመዋል። አዛዥ ሳይፈቅድ ቁልፍ አይወጣም።

ጠያቂው፦ አዋጅ 1224/2012 ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እንዲገባ ፈቅዷል እኮ።

ጉዱ፦ አዋጁ ተረኛው ጋ አልደረሰማ 😂

ጠያቂው፦ ተቆጣጣሪው ከገባም ጽዳት አይቶ አይውጣ። ሜትር ይያዝ። 4 በ5 የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው፤ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መለኪያ በጋራ ክፍል ለአንድ ሰው 3.4 ካሬ ስለሆነ 5 ሰው ይይዛል። ቆጠራው የሚያድሩትን ነው፤ ቀን ላይ ግማሹ ፍርድ ቤት ነው። ለ25 ሰው አንድ ሽንት ቤት የሚባለውም ማታ በሩ ተቆልፎ ባልዲ ከተሰጠ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የሚያናግረውን እስረኛ ራሱ ይምረጥ፣ ካቦውም (የእስረኞቹ አለቃ) ፖሊሱም በሌሉበት።

ሐመልማል፦ መዝገቡስ? ፖሊስ ተያዘ የሚለው ከተመዘገበበት ሰዓት ጀምሮ ነው። መዝገቡ «ሰኞ ገባ» ይላል፣ የስንቅ መቀበያው ላይ ግን ቅዳሜ እንጀራ ገብቶለታል። ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን ያላስቀመጠ ተቆጣጣሪ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን 48 ሰዓት ከየት ቆጠረው?

ሻምበል፦ 48 ሰዓቱ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደውን መንገድ አይጨምርም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19(3) ያንብቡ።

ሐመልማል፦ አንብቤዋለሁ፣ «አግባብ ባለው ግምት» ይላል። ፍርድ ቤቱ አስፋልት ማዶ ሲሆንም ሁለት ቀን መንገድ ይታሰባል?

ሻምበል፦ ገጠር ወረዳ ሄደው አያውቁም መሰለኝ። መኪና አንድ፣ ነዳጅ በኮታ።

ጉዱ፦ ለማዛወሩ ሲሆን ነዳጅ አለ 😏

ሻምበል፦ አንተ ልጅ፣ ማን አዛወረ? ማስረጃ አምጣ።

ጠያቂው፦ ማስረጃው የዝውውር ደብዳቤው ቀን ነው። ከጉብኝቱ ዋዜማ የተጻፈ ከሆነ በቃ። ተቆጣጣሪው በሳምንቱ ተመልሶ ያናገራቸው እስረኞች የት እንዳሉ ካልጠየቀም የቀደመው ጉብኝት ለእነሱ ጦስ ነው።

ሐመልማል፦ ሻምበል፣ ያ ጉብኝት ስንት ሰዓት ላይ ነበር?

ሻምበል፦ ጠዋት 4 ሰዓት። እና?