ክረምት የቦረቦረውን የዘጌ የእግር መንገድ ለመጠገን ከመሄዳችን በፊት ምን ማወቅ ይገባናል?

ጥያቄ፦ መምህርት ከባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ባሕር ዳር ውስጥ የምናስተምር ጥቂት መምህራን በዕረፍት ቀናችን በእግር መጓዝ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ፣ ወደ ጢስ ዓባይና ወደ ዘጌ ደጋግመን ተመላልሰናል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን፣ ዘጌ ውስጥ ከአንደኛው የጀልባ ማረፊያ ወደ ላይ የሚወጣውን የእግር መንገድ ጭቃ ውጦት ስላገኘነው፣ ለአካባቢው ውለታ የዋልን መስሎን ግራና ቀኙን ቁጥቋጦ በገጀራ መንጥረን መንገዱን አሰፋነው፤ የመነጠርነውንም ቅርንጫፍ ጭቃው ላይ ጎዘጎዝነው። ዘንድሮ በነሐሴ ተመልሰን ስናየው፣ ያሰፋነው ቦታ በሙሉ በጎርፍ ተቦርቡሮ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ሆኗል፤ ጉዝጓዙም ተጠርጎ ሄዷል። ይባስ ብሎ አንዲት ባልደረባችን እዚያው ቦይ አፋፍ ላይ ተንሸራታ እግሯን ወለም ስላላት፣ ተራ በተራ ተሸክመን ወደ ጀልባው አወረድናት። የምንወቅሰው ሌላ ሰው የለም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው።

አሁን በጥቅምት አጋማሽ፣ ከፍ ያሉ ተማሪዎችን ጨምረን ሃያ አምስት ያህል ሆነን እንደገና ለመሄድና ያበላሸነውን ለመካስ እናስባለን። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህን ያህል ሰው ይዞ በደኅና ሄዶ ለመመለስ ከምን ከምን መጠንቀቅ ይገባናል? ሁለተኛ፣ የግንባታ ሙያ የሌለው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ መንገዱን ሳይጎዳ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ምንድን ነው?

መልስ፦ የዘጌ አስጎብኚ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቁ። ብዙ እንግዳ ከጀልባ ሲወርድ የሚያየው ጫካ ብቻ ስለሆነ ባለቤት ያለው አይመስለውም። ዘጌ ውስጥ ግን ባለቤት የሌለው ጥሻ የለም ማለት ይቻላል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያለው ቡናም፣ ጌሾም፣ ሎሚም የአንድ ቤተሰብ ወይም የገዳም ነው። አባቶች ሲነግሩን አቡነ በትረ ማርያም በቃል ኪዳን በሬ ጠምዶ ማረስን ስለከለከሉ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚኖረው በእነዚሁ ዛፎች ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ቁጥቋጦ ብላችሁ የመነጠራችሁት የአንድ አባወራ ጌሾ አለመሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ከመምጣታችሁ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሁለት ሰው ልካችሁ ቀበሌውን፣ መንገዱ የሚያልፍበትን ደብር አስተዳዳሪና ባለ ይዞታዎቹን አነጋግሩ። ፈቃድ ማግኘት ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስለ ጉዞው ደግሞ፣ ሃያ አምስት ሰው በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ ሲሰለፍ የኋለኛው ሰልችቶት ከመንገድ ይወጣል፤ አዲስ አቋራጭ የሚፈጠረውም እንዲሁ ነው። በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ፊት አንድ፣ ኋላ አንድ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይኑረው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ያስነሣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥታችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ ለመመለስ ጀልባው ላይ ብትሆኑ መልካም ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ወደብ ላይ ቆጥራችሁ ተሳፈሩ፤ አለ መባሉ አይበቃም። የአካባቢውን ጸጥታም ዋዜማውን ጠይቃችሁ እርግጠኛ ሁኑ፤ ጥርጣሬ ካለ ቀኑን ማዛወር ያዋጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ባለ ጀልባ «በዚያው ክብራን ገብርኤልንም ላሳያችሁ» ይላችኋል። ክብራን ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ ግማሾቻችሁ ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታችሁ ትውላላችሁ።

መልስ፦ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ

ለሁለተኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ። የደረሰባችሁ ነገር የሚጠበቅ ነበር። የእግር መንገድን በዋነኛነት የሚያበላሸው ውኃ ነው፤ ጭቃው የእሱ ምልክት ነው። እግር አፈሩን ስለሚጠቀጥቀው ዝናቡ ወደ ውስጥ መስረግ ያቅተዋል፤ መንገዱም ከግራ ቀኙ መሬት ዝቅ ስለሚል የተጠራቀመው ውኃ እሱኑ ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ላይ ሰው ጭቃውን ሲሸሽ በዳር በዳር ይሄዳል፤ ሣሩ ይረገጣል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ውኃውም የሚሮጥበት ሜዳ ያገኛል። እናንተ በገጀራ ያደረጋችሁት ብዙ እግር በብዙ ዓመት የሚያደርገውን በአንድ ቀን መፈጸም ነው። ሥሩ የያዘው አፈር ሲነቀል ቀሪውን ክረምቱ ጨረሰው።

መድኃኒቱን የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል። በማሳው ላይ በአግድም፣ ትንሽ አዘንብሎ የሚያወጣው ፈሰስ ውኃው ጉልበት ሳያገኝ ወደ ዳር እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ዘጌ ላይ ማረሻ ስለሌለ ያንኑ በዶማና በአካፋ መሥራት ነው። መንገዱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ሳይሆን ወደ ቁልቁለቱ ያዘነበለ የጎርፍ መቀልበሻ ይቆፈራል። በጣም ከተጋደመ ደለል ይሞላዋል፤ በጣም ካዘነበለ ደግሞ ራሱ ይቦረቦራል። አፉ ከአካፋ ሰፋ ያለ፣ ጎኑ ለስለስ ብሎ የወረደ ይሁን፤ አለዚያ ሽማግሌ ያደናቅፋል። ከቆፈራችሁ በኋላ አንድ ጀሪካን ውኃ ከላይ አፍስሱና ተመልከቱ፤ ውኃው ከመንገዱ ካልወጣ ሥራው አላለቀም። ከሁሉ በላይ መውጫው ሣር ወይም ቅጠል ወዳለበት መሬት ይሁን እንጂ ወደ ሰው ቡና ግንድ አይሁን፤ አስጎብኚው ወንድማችን ባለ ይዞታዎቹን አነጋግሩ ያሉበት ዋናው ምክንያት በእኔ ዐይን ይህ ነው።

ጉልበት የሚደርሰውን ቦይ በልቅ አፈር ልትሞሉት አትሞክሩ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ይሄዳል። ከላይ ውኃውን ከቀለበሳችሁ በኋላ፣ ቦዩ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ክትሮችን ሥሩ፤ የክትሩ መካከል ከሁለቱ ጎኖቹ ዝቅ ይበል፣ ጎኖቹም ወደ ዳርና ዳሩ አፈር ይግቡ፤ ውኃው በጎን ከዞረ ክትሩ ራሱ አዲስ ቦይ ያወጣል። ድንጋዩን ከማንም ካብ ወይም ከገዳም አጥር አታንሡ። እንጨት መጎዝጎዝም ይቅር፤ ምስጥ ይበላዋል፣ ሳይበላው በፊትም ያንሸራትታል። ደረቅ ቅርንጫፍ የሚጠቅመው ባሰፋችሁት ዳርና በአቋራጮቹ አፍ ላይ እንደ አጥር ሲቆም ነው፤ ሰው ካልረገጠው ሣሩ ይመለሳል። መሬት ላይ የወጡ የዛፍ ሥሮችን ደግሞ ያደናቅፋሉ ብላችሁ አትቁረጡ፤ አፈሩን የያዙት እነሱ ናቸው። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ስለሆነ፣ አገር በቀሉን ዕፅዋት መመንጠር ከጨዋነት ጉድለት ያለፈ ጉዳይ ነው።

አሁን የማትወዱትን ልንገራችሁ። በጥቅምት የሚደረግ የአንድ ቀን ዘመቻ ብቻውን ብዙ አይፈይድም። በዚያን ጊዜ አፈሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ለመቆፈር ይመቻል፤ ውኃው የሄደበትንም ከደለሉና ከቅጠል ክምሩ ማንበብ ይቻላል። ነገር ግን መቀልበሻ በቅጠልና በደለል ይደፈናል። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ አምስት ሰው እንኳ ተመልሶ ካልጠረገው ሥራችሁ እንደ ጉዝጓዙ ይሆናል።

መልስ፦ የጢስ ዓባይ ተጓዥ

ተማሪዎቹን ይዛችሁ በጀልባ ከምትሄዱ በመኪና ወደ ጢስ ዓባይ ብትወስዷቸው አይሻልም? ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይም ያያሉ። ፏፏቴው ሞልቶ በሚወርድበት ጊዜ ከጭሱ የተነሣ ሣሩ እርጥብ ስለሚሆን ወደ አፋፉ እንዳይጠጉ መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

መምህርት ከባሕር ዳር

ምክርዎን አመሰግናለሁ፤ ጢስ ዓባይ ሌላ ቀን ይሆናል። የእኛ ዕዳ ያለው ዘጌ ነው። ባለሙያው የጻፉትን ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው ስለ እንጨት ጉዝጓዙ ሲሰሙ ሁላችንም ዝም አልን። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ባለፈው እግሯን ወለም ያላት ባልደረባችን ሦስት ሳምንት አነከሰች፤ መንገድ ላይ ምን ልናደርግላት ይገባ ነበር?

መልስ፦ ነርስ

ወለምታ ሲያጋጥም መጀመሪያ ማረፍ ነው፤ «ተራመጂበት፣ ይለቅሻል» ማለት ስሕተት ነው። ጫማው ላልቶ፣ ቁርጭምጭሚቱ በፋሻ ወይም በነጠላ ደም በማያግድ ሁኔታ ይጠቅለል፤ እግሩም ከፍ ይበል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ እስሩ ጠብቋልና ይላላ። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለች ወይም አጥንቱን ሲነኩት ከፍተኛ ሕመም ከተሰማት ስብራት ሊሆን ስለሚችል ሳታነሡ ሳትጥሉ ጤና ተቋም ወስዳችሁ በራጅ ትታይ። ለወጌሻዎቻችን አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም ስብራት መኖሩ ሳይታወቅ የተሳበና በቀርከሃ አጥብቆ የታሰረ እግር ደም ተቋርጦበት ለመቆረጥ ሲደርስ ይታያል። ሁለት ጠንካራ ዱላና አንድ ጋቢ ካላችሁ ቃሬዛ ስለሚሆን በተራ ከመሸከም ይሻላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን ሁሉም ስልኩ ላይ ይመዝግብ።

ስለ ሐይቁም ሁለት ነገር ልበል። ጀልባው ሙሉ በሙሉ ሳይጠጋ ጫማ አውልቆ ውኃ ውስጥ መግባት የተማሪዎች ልማድ ነው፤ የጣና ዳርቻ ግን የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ የሚኖርበት ነው፤ ትሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቆሰለ ቆዳ በስቶ ይገባል። ገብቶ የወጣ ልጅ ካለ ወዲያውኑ በፎጣ አድርቁት፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላም ሰገራው ይመርመር፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሰውን የሚጎዳውም በእሱና በውኃው መካከል የቆመን ሲያገኝ ነው። ደንገል ባለበት ዳርቻ ከ12 ሰዓት በኋላ አትገኙ፤ ካያችሁትም መንገዱን ወደ ውኃው ክፍት አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ራቁ፤ ፎቶ ለማንሣት የሚቀርብ ልጅ እንዳይኖርም ተጠንቀቁ።

መምህርት ከባሕር ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ወስነናል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችን ብቻ ቀድመን መጥተን ባለ ይዞታዎቹን እናነጋግራለን፤ በጥቅምት በሁለት ቡድን እንሄዳለን፤ ገጀራ አንይዝም። ለግንቦቱ ጠረጋ ስድስት መምህራን ከወዲሁ ስማቸውን አስመዝግበዋል። ባዶ የውኃ ሃይላንዱንና ፌስታሉን ሰብስበን ባሕር ዳር መልሰን እንጥላለን። ዶማና ጀሪካን ከዚህ ይዘን እንምጣ?

የዘጌ አስጎብኚ

ጀሪካኑ ይቅር፤ እኛ ዘንድ አለ። ዶማ ግን ያጥረናል፤ ባይሆን አራት ያህል ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ስትመጡ ከጀልባው ማረፊያ ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ ቦዩ አጠገብ ያለው የጌሾ ማሳ ባለቤትም ሊያገኛችሁ ፈቅዷል።