የኮምቦልቻ ቤቶቻችን ቀለም፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ወገኖች። የማኅበራችን ቤቶች ልስን እያለቀ ስለሆነ የቀለሙን ነገር እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ግድግዳው ክሬም፣ ጣሪያው ቡኒ» ይላል። ክሬሙን እደግፋለሁ፤ ቡኒው ጣሪያ ግን ይቅርብን። ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ ወደ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። በሚያዝያና በነሐሴ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ያኔ ዋናውን ሙቀት የሚቀበለው ቆርቆሮው ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አዲስ ነጭ ቀለም ከመቶ ወደ 80 የሚሆነውን ይመልሳል።

ከደሴ፦ እኔ ደሴ ቤቴን ጠቆር ያለ ቀለም ቀብቼ በጣም ተስማምቶኛል። ያምራል፣ ጭቃም አያሳይም። እዚያስ ለምን አይሆንም?

ጸሐፊ፦ ደሴ ላይ ልክ ነህ ወንድሜ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ሲደመር ወደ 4 ዲግሪ ይመጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጋቢው የሚወልቀው ለዚህ ነው። ለብርድ የተመረጠ ቀለም እዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ልጆቻችንን ያቃጥላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆርቆሮው እንዲሁም ያብረቀርቃል እኮ። ብርሃን ይመልስ የለም? ለምን ተጨማሪ ወጪ እናወጣለን?

ቀለም ሙያዬ የሆነ አባል፦ እትዬ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ያልተቀባ ቆርቆሮ ብርሃን ይመልሳል፤ አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን በቀላሉ አይለቅም። እያረጀ ሲሄድም ይጠቁራል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ያደርጋል፦ ብርሃኑን ይመልሳል፣ የያዘውንም ሙቀት ቶሎ ይለቃል። ብቻ አዲስ ቆርቆሮ ላይ ዝም ብለን ብንቀባ ይላጣል። መጀመሪያ ቅባቱ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ቀለሙን የሚያስይዝ፣ ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር ይቀባ። እዚህ ላይ መቆጠብ አልወድም፤ የተላጠ ጣሪያ ዳግመኛ ወጪ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ገባኝ። ከግድግዳው ቀንሰን ለጣሪያው እናውል።

ወጣት አባል፦ ግድግዳውስ ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን? ሰው የራሱን ቤት መለየት ይፈልጋል። ደግሞ ድፍን ነጭ ግድግዳ ዓይን ይወጋል፣ አቧራውም አለ።

ጸሐፊ፦ እውነትህን ነው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ተጠጋግተን ነው የምንሠራው። ክሬም፣ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሁሉም ይሁኑ፤ የፈለገው ይምረጥ። ጠንከር ማለት ያለብን በምሥራቅና በምዕራብ ግድግዳ ላይ ነው። የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት የምትመታው እነሱን ነው። የምዕራቡ ይብሳል፤ ቀኑ ራሱ ሞቆ ሳለ ነውና የሚመታው፣ ማታ የምንተኛውም ከዚያው ግድግዳ አጠገብ ነው። የግድግዳው ግርጌ፣ ዝናብ ጭቃ የሚረጭበት ቦታ፣ ጠቆር ቢል ችግር የለውም። በርና መስኮትም እንደየሰው ምርጫ።

ቀለም ሙያዬ የሆነ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። ለውጭ ግድግዳ የዘይት ቀለም አታስገቡ። ከውስጥ እርጥበት ሲመጣ ይታፈንና ያብጣል። የውጭ የውሃ ቀለም ይሻላል፤ አቅም ያነሰው በኖራም ይቀባ፣ ኖራ ነጭ ነው፣ ግድግዳውም ይተነፍሳል። ልስኑ ቢያንስ 4 ሳምንት ይድረቅ። ሥራውን ክረምቱ ሲወጣ እንጀምረው። ቀቢው ጥላውን እየተከተለ ይቀባ፦ ጠዋት ምዕራቡን፣ ከሰዓት ምሥራቁን። በጋለ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይያያዝ ይደርቃል።

እናት አባል፦ ልጆቼ፣ ቀለሙ ጥሩ ነው። ኮርኒስ ያልገባለት ቤት ግን ነጭም ቢቀባ ይሞቃል። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ኮርኒሱና የአየር መውጫው ይቅደም ይባልልኝ።

ጸሐፊ፦ እሜቴ፣ ይገባል። እንግዲህ አንቀጹ እንዲህ ይሁን፦ «ጣሪያ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረበ፤ የውጭ ግድግዳ ፈዘዝ ያለ፣ ዓይነቱ በባለቤቱ ምርጫ፤ አቅም ላነሰው ኮርኒስና የአየር መውጫ ከቀለም ይቀድማል።»

ወጣት አባል፦ «ወደ ነጭ የቀረበ» የሚለው ያጨቃጭቃል። አንድ ነጭ፣ አንድ ክሬም፣ አንድ ቡኒ የተቀባ ቁራጭ ቆርቆሮ ይዘን ስብሰባው ግቢ እንሂድ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይሰጡ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም በእጁ ይንካ፣ ከዚያ ድምፅ እንስጥ።

ቀለም ሙያዬ የሆነ አባል፦ ቁራጮቹን እኔ ቀብቼ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቡኒውን ሲነኩ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ልጆችም አይጠጉት።