የማትተኩስበት ሽጉጥ «ጌጥ» ነው?

የሂርማታ ልጅ፦
ትናንት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን ወሬው ሽጉጥ ላይ ወደቀ። የአጋሮው ቡና ሰብሳቢ ወዳጃችን የፈቃዱን ጉዳይ ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶታል። ምን ዓይነት ልግዛ ብሎ ጠየቀ። ከጆበርግ የተመለሰው ወንድማችን ቀበል አድርጎ «አንድ ግዛ፣ የውድድር ይሁን፣ እሱኑ ታጠቀው። የማትተኩስበት ሽጉጥ ጌጥ ነው» አለው። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ለውድድር የተሠራና ለወገብ የተሠራ አንድ አይደሉም። ሰውየውን ችግር ውስጥ እየከተትከው ነው። እዚሁ ሁሉም ባለበት እንነጋገርበት።

ከጆበርግ መልስ፦
ወንድሜ፣ የተናገርኩትን ቆርጠህ ነው ያቀረብከው። ሰው በለመደው መሣሪያ ይታጠቅ ነው ያልኩት። ጆበርግ ቋሚ ነዋሪ ከሆንኩ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በክለብ እተኩስ ነበር። ውድድሩ አይፒኤስሲ የሚባለው፣ ዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ማኅበር የሚመራው ነው። እንደ ኦሊምፒኩ አንድ ቦታ ቆመህ ወረቀት የምትበሳበት አይደለም። ትሮጣለህ፣ በር አልፈህ ትተኩሳለህ፣ ካርታ ትቀይራለህ። ያገኘኸው ነጥብ ለፈጀኸው ሰከንድ ይካፈላል። በፈረንጆቹ 1976 የተመሠረተ ነው፤ መሪ ቃሉም ትጋት፣ ኃይል፣ ፍጥነት ነው። እዚያ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። በዓመት አንዴ የሚተኩስ ሰው የመነሻው ድምፅ ሲጮህ ሴፍቲውን ማውረድ ይረሳል። ምላጩን ይስባል፣ ምንም የለም፣ ሽጉጡን አገላብጦ ያያል። በየሳምንቱ የሚተኩስ ሰው ግን ጣቱ ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ «ጌጥ ነው» ያልኩትን አላነሳም።

ሃምሳ አለቃ (ጡረተኛ)፦
ልጄ፣ ይቺ «ጌጥ» የምትላት ቃል አሞኛለች። እኔ ስንት ዓመት ማካሮቭ፣ የሩሲያውን ሽጉጥ፣ ታጥቄያለሁ። ሰው ላይ ተኩሼበት አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ታዲያ ያ ሁሉ ዘመን ጌጥ ተሸክሜ ኖርኩ ማለት ነው? ማካሮቭ በፈረንጆቹ ከ1951 ጀምሮ በስንት አገር ሠራዊት ወገብ ላይ የኖረ መሣሪያ ነው። ባዶውን 730 ግራም ነው። ስምንት ጥይት ይጎርሳል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሚወላልቅ ነገር የለውም። ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥመዋለሁ። ጭቃ ገባበት፣ ዝናብ መታው፣ አይከዳም።

ከጆበርግ መልስ፦
ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎን አልነካሁም። እርስዎ የሠለጠኑ ሰው ነዎት። እኔ የተናገርኩት ገዝቶ ቁምሳጥን ውስጥ ስለሚቆልፈው ነው። ግን ማካሮቭን ለዚህ ሰው አይምከሩት። ለውድድር አይገባም። ፕሮዳክሽን የሚባለው፣ ከፋብሪካ እንደወጡ ያሉ ሽጉጦች የሚወዳደሩበት ምድብ፣ ትንሹ ጥይት ዘጠኝ በ19 ነው፣ ውፍረቱ ዘጠኝ የቀለሁ ርዝመት 19 ሚሊ ማለት ነው፤ የማካሮቭ ዘጠኝ በ18 ነው። የጥይቱ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚወጣ ቁጥር አላቸው፤ ቢያንስ 125 መድረስ አለበት። የማካሮቭ መቶ አካባቢ ነው የሚቀረው። ገና በር ላይ ይመልሱታል።

ሃምሳ አለቃ (ጡረተኛ)፦
ማን ስለ ውድድር ጠየቀህ? ጅማ ውስጥ የት ሜዳ ላይ ሊወዳደር ነው? አባ ጅፋር ግቢ? ልጁ ከአጋሮ ጅማ ብር ይዞ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። አንተ ጆበርግ የተውከውን ቅዳሜህን እዚህ ሰው ወገብ ላይ ልታስርበት ትፈልጋለህ።

የሂርማታ ልጅ፦
ሃምሳ አለቃ ነጥቡን ነክተውታል። እኔ ግን ሌላም አለኝ። ጆበርግ፣ ትናንት «የውድድር ይሁን» ስትል የጠራኸው ሻዶው 2 ነው፤ የቼኮቹ የሲዜድ ፋብሪካ የሚሠራው። ሰዓሊ ብሩሹን እንደሚያመሰግን ነበር የምታመሰግነው። እሺ። ያ ሽጉጥ ክብደቱ 1,330 ግራም ነው፤ ከሃምሳ አለቃው ማካሮቭ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ለውድድር ክብደቱ ጥሩ ነው፤ ሲተኮስ አይዘልም። ግን ዋናውን ነገር አልነገርከውም። ሲዜድ 75 ቢ የሚባለው መደበኛው ጥይቱን የሚመታው መርፌ ላይ መቆለፊያ አለው። ምላጩ ካልተሳበ መርፌው ወደፊት አይሄድም። ሻዶው 2 ላይ ይሄ መቆለፊያ የለም። ለምን? ምላጩ እንዲለሰልስ። ለተወዳዳሪ ደስ የሚል ነገር ነው። አንተ ግን እሱን አቀባብሎ ታክሲ ውስጥ ለሚጋፋ ሰው ነው የመከርከው። በምን ሕሊና?

ከጆበርግ መልስ፦
ሻዶው 2ን እንደ ምሳሌ ነው የጠራሁት፤ እሱን ግዛ አላልኩም።

የሂርማታ ልጅ፦
«የውድድር ይሁን» ብለሃል። አምስት ሰው ሰምቷል።

ከጆበርግ መልስ፦
ይሁን፣ ልክ ነህ፤ እሱን አይታጠቅም። ሲዜድ 75 ቢ ወይም ግሎክ 19 ይግዛ። ሁለቱም ፕሮዳክሽን ምድብ ይገባሉ፣ ሁለቱም ወገብ ላይ ይዋላሉ። ግሎኩ የጎን ሴፍቲ የለውም፤ ሴፍቲው ምላጩ ላይ ነው፣ በውስጥም የመርፌ መቆለፊያ አለው። ማካሮቭን የምታሞግሱ ሰዎች ግን ይሄንንም ስሙ። የማካሮቭ መርፌ መልሶ የሚይዘው ምንጭ የለውም፣ ልቅ ነው። ሽጉጡን ነቅነቅ ብታደርጉት ሲንኳኳ ትሰሙታላችሁ። መቆለፊያ መቆለፊያ ካልን ለሁሉም እንበል።

ሃምሳ አለቃ (ጡረተኛ)፦
ሴፍቲው ምን ሊሠራ ተሠራ? ሴፍቲው ወደ ላይ ሲሆን መዶሻው ይወርዳል፣ ይቆለፋል፣ ላዩ ያለው ተንሸራታች ብረትም አይንቀሳቀስም። እኛ ሴፍቲ አውርዶ ማንገት ነውር ነበር። ነውር! መሣሪያው አይደለም የሚያጠፋው፣ የያዘው እጅ ነው።

ቡና ሰብሳቢ (አጋሮ)፦
ስለ እኔ ነው የምታወሩት፣ እኔም ልናገር። ባለፈው ዓመት ከአንድ ዘመዴ ጋር በሥራው ሄድኩ። እሱ ሕጋዊ ፈቃድ አለው። ሽጉጡ ብረት ነው፣ ትልቅ ነው። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። መያዣው የጎድን አጥንቱን እየወጋው ገና ሳንደርስ ቀበቶውን ፈታ፣ ሽጉጡን ጭኑ ሥር ሸጎጠ፣ ጃኬቱን ጣለበት። ስንወርድ ጃኬቱን ብቻ አንስቶ ወረደ። እግዚአብሔር ሲረዳን ረዳቱ «አባቴ፣ ዕቃ ረስተዋል» ብሎ ጠራው። ያን ጊዜ የዘመዴን ፊት ብታዩት! ማታ ሲያጸዳው ደግሞ እጀታው አጠገብ፣ ላቡ የሚነካበት ቦታ፣ ቡናማ ዝገት እንደ ጠቃጠቆ ፈሶበታል። የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እኔ የምፈልገው ቀላል፣ አጭር፣ የማይዝግ ነው። ዋንጫ አልፈልግም።

እናት ከቦሳ፦
አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይሄ ሽጉጥ ማታ የት ነው የሚያድረው? እስካሁን ግራም ስትቆጥሩ፣ ምላጭ ስታለሰልሱ አነበብኩ። አንዳችሁም ስለ ቤት አላነሳችሁም። የጎረቤታችን ባል ትራስ ሥር ያኖር ነበር። የአምስት ዓመት ልጃቸው ጠዋት አልጋ ላይ ሲንደባለል አገኘው። እናቱ ገንፎ እያማሰለች ቀና ስትል አፈሙዙ ወደ እሷ ዞሯል። ስላልተቀባበለ ብቻ ነው ዛሬ በሕይወት ያለችው። ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ድምፅ ስትሰማ ትደነግጣለች። እናንተ የምላጭ ልስላሴ ትላላችሁ። ለልጅ ጣትም ልስልስ ነው እኮ!

ከጆበርግ መልስ፦
እትዬ፣ ልክ ነዎት። የብረት ሣጥን ግድ ነው። ጥይቱም ለብቻው። እኔ እዚያ ሳለሁ ሣጥኑ ከሌለህ ፈቃዱም የለም።

እናት ከቦሳ፦
እዚህ ስላለው ሰው ነው የምንነጋገረው። ሣጥን የገዛ አንድ ሰው ጥራልኝ።

የኪቶ ተማሪ፦
እኔ ከመጀመሪያው ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ብሩን በጥሬው መያዝ ለምን አስፈለገ? ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ። ለገበሬው በስልክ ይክፈል፤ ኪሱ ባዶ ይሁን፤ የሚዘርፈው አይኖርም። አንድ ሽጉጥ የሚገዛበት ገንዘብ ለአሥር ገበሬ ስልክ ይገዛል።

ቡና ሰብሳቢ (አጋሮ)፦
ተማሪው፣ አንተ ቡና ከጀበና ነው የምታውቀው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ገበሬው አህያውን ጭኖ ሲመጣ እዚያው ቆጥሮ ይቀበላል፣ እዚያው ዘይትና ስኳር ይገዛል። ኔትወርክ ጠፋ ብዬ ነገ ና ልበለው? ለጎረቤቴ ወስዶ ይሸጠዋል። ጥቅምትና ኅዳር እኛ ጋ መጥተህ አንድ ቀን ሚዛን ያዝልኝ።

የኪቶ ተማሪ፦
አጋሮ ኔትወርክ የለም እያልክ ነው? እኔ እናቴ እዚያው ጎማ ወረዳ ናት፣ ቪዲዮ እየደወለች ነው የምታወራኝ።

ቡና ሰብሳቢ (አጋሮ)፦
ከተማው ላይ አለ። እኔ ቡና የምገዛው ከተማው ላይ አይደለም።

የሂርማታ ልጅ፦
ከርዕሳችን አትውጡ። አንድ አደገኛ ነገር አለና ልናገር። ብዙ ሰው «ዘጠኝ ሚሊ ነው» ሲባል ሁሉም አንድ ይመስለዋል። የማካሮቭ ጥይት አረሩ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌላው ዘጠኝ በ19 ደግሞ 9.01። የማካሮቩ አጠር ይላል ግን ወፈር ይላል። አንዱ ለሌላው አይሆንም። ወዳጃችን ማካሮቭ ከገዛ ጥይቱን ለይቶ ይወቅ። ደግሞ በኮንትሮባንድ የሚገባው የቱርክ ሽጉጥ ርካሽ ነው ብሎ የሚያማልለው ሰው ካለ ጆሮውን ይድፈን። አዋጅ 1177/2012 ቀልድ አይደለም። ያለ ፈቃድ የያዘ ወንጀለኛ ነው፤ ራሴን ልከላከል ብሎ እስር ቤት ይገባል።

ሃምሳ አለቃ (ጡረተኛ)፦
በዚህ ተስማምተናል። አሁን ግን «ጌጥ» ወደምትለው ልመለስ፣ አልለቀቀችኝም። ጌጥ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሠርግ ላይ ሽጉጡን መዝዞ ወደ ሰማይ የሚተኩሰው፣ እሱ ነው ጌጥ ያደረገው። ያ ጥይት ደመና ላይ አይቀርም፣ የሰው ጣራ ላይ ይወርዳል። ዝም ብሎ ታጥቆ፣ ዝም ብሎ ፈትቶ የሚያስቀምጥ ግን ጨዋ ሰው ነው። አንተ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቀለልካቸው።

ከጆበርግ መልስ፦
አልጠቀለልኩም፣ ሃምሳ አለቃ። ሠርግ ላይ የሚተኩሰውም እኮ «እኔ ታጣቂ ነኝ» ነው የሚለው። አንድ ቀን ወረቀት ላይ ተኩሶ የት እንደመታ ያላየ ሰው ታጣቂ አይደለም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀን በሰባት ሜትር ከአሥር ጥይት አራቱን ስቻለሁ። ሰባት ሜትር ማለት ከአንድ ሱቅ በር እስከ ጎዳናው ማዶ እንኳ አይሆንም። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ምላጩን ነጠቅሁት። የሳትኳቸው አራቱ ገበያ መሃል ቢሆኑስ ኖሮ? መርካቶ ቅዳሜ ቀን አስቡት። ለዚህ ነው የምጮኸው። ውድድር ዋንጫ ስለሆነ አይደለም፤ መሳትህን የሚያሳይህ ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው።

እናት ከቦሳ፦
እንግዲህ ከአሥር አራት የሚስት ሰው አይታጠቅ።

ከጆበርግ መልስ፦
እኔም ያልኩት እሱኑ ነው እትዬ። መለማመጃ ይኑረው፣ ከዚያ ይታጠቅ።

እናት ከቦሳ፦
አይደለም። እኔ ያልኩት አይታጠቅ ነው። «ከዚያ» የሚለውን አንተ ነህ የጨመርከው።

የሂርማታ ልጅ፦
ጆበርግ፣ ክርክርህን ራስህ አፈረስከው። ልምምድ ነው ዋናው ካልክ በቀላሉ ሽጉጥ ይለማመድ። ለምን የግድ የውድድሩ ሆነ?

ከጆበርግ መልስ፦
ትንሽ ሽጉጥ ሲተኮስ እጅ ይመታል። እጅ የሚመታ መሣሪያ ይዞ ሁለት መቶ ጥይት የሚለማመድ ሰው የለም። ሃምሳ ላይ ይሰለቻል። ትልቁን ሰው ይወደዋል፣ ስለሚወደው ይለማመዳል። መሃለኛ የሆነውን ግሎክ 19 ያልኩህም ለዚህ ነው፤ 15 ጥይት፣ ላዩ አይዝግም ማለት ይቻላል፣ የታችኛው አካሉ ፕላስቲክ ነው።

ሃምሳ አለቃ (ጡረተኛ)፦
ፕላስቲክ!

ከጆበርግ መልስ፦
አዎ ፕላስቲክ። የኦስትሪያ ጦር ትልቁን ወንድሙን ግሎክ 17ን በፈረንጆቹ ከ1982 ጀምሮ ታጥቆታል።

ሃምሳ አለቃ (ጡረተኛ)፦
ኦስትሪያ ውስጥ የጅማ ጭቃ አለ? ልጅ፣ የአጋሮው፣ አንተን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ና። ባዶውን ማካሮቭ እጅህ ላይ አኖረዋለሁ፣ ፈትተህ ትገጥመዋለህ። እጅህ ይንገርህ።

ቡና ሰብሳቢ (አጋሮ)፦
እመጣለሁ ሃምሳ አለቃ። ግን የሚኒባሱ ነገር አሁንም ከፊቴ አልጠፋም። የእትዬን ሣጥንም ዛሬ ብረታ ብረት ቤት ጠይቄያለሁ፣ ዋጋው ከሽጉጡ ብዙም አይተናነስም።

እናት ከቦሳ፦
ታዲያ መጀመሪያ ሣጥኑን ግዛ።

የኪቶ ተማሪ፦
ወይም ለገበሬዎቹ ስልኩን።

ቡና ሰብሳቢ (አጋሮ)፦
ደግሞ መጣ ይሄ!