አንድ ፒኤስ5 ወይስ ሁለት ያገለገሉ ፒኤስ4? የምስል ጥራት ለጌም ቤት ምን ይጠቅማል?

ጉለሌ ጆይስቲክ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉለሌ ውስጥ ጌም ቤት አለኝ። በ2001 ዓ.ም. ስከፍት የነበረኝ ሁለት ፒኤስ2 (ፕሌይስቴሽን የሚባለው የጌም ማሽን፤ ቁጥሩ ሲጨምር አዲስ ነው) እና ሁለት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ነበር። አንደኛው ቴሌቪዥን የእናቴ ስለሆነ ማታ ለዜና ሰዓት ተሸክሜ እመልስላት ነበር። አሁን አራት ፒኤስ3 እና አንድ ፒኤስ4 አለኝ፤ ሁሉም ባለ 32 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ ናቸው።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች። "ወይ አንድ አዲስ ፒኤስ5፣ ወይ በዚያው ብር ሁለት ያገለገሉ ፒኤስ4 ላምጣልህ፤ ቶሎ ወስን" ብላኛለች። ታናሽ ወንድሜ ፒኤስ5 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ፎርኬ (የምስል ጥራት)፣ ቴራፍሎፕ (የማሽኑ የስሌት ፍጥነት)፣ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንና የጥላ አሳሳል) እያለ ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያሳየኝ ያድራል። የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል አለኝ። ላብ ለማየትማ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት መግባት ይበቃል።

ግን ዝም ብዬ አልናቅሁትም። ፒኤስ4ቱን ያስገባሁ ሰሞን ሁሉም እሱ ላይ ተሰልፎ ፒኤስ3ዎቹ ጦማቸውን አደሩ። እኔም ጥራት ገበያ አለው ብዬ ዋጋ ለየሁ፤ በፒኤስ3 አንድ ጨዋታ 10 ብር፣ በፒኤስ4 20 ብር። ሁለት ወር ሳይሞላ ግማሹ ወደ 10 ብሩ ተመለሰ። አንዱን "ምነው?" ብለው "ጋሼ፣ ኳሱ እኮ ያው ኳስ ነው" አለኝ። 20 ብሩ ላይ የቀሩትም ቢሆኑ ስለ ምስሉ ሲያወሩ አልሰማሁም። የሚሉት "እዚህኛው ላይ እገሌ አዲሱ ክለቡ ገብቷል" ነው።

እና እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ይሄ ስፔክ የሚባለው ነገር (የማሽኑ አቅም በቁጥር) ከኪሴ ወጥቶ ወደ ኪሴ ይመለሳል?

ሽቦ በጥስ

ወንድሜ፣ ከጌሙ በፊት ቴሌቪዥኖችህን እንይ። ቴሌቪዥን ጥገና ላይ ነው የምሠራው፤ እጄ የሚገቡት ባለ 32 ኢንቾች አብዛኞቹ 1366 በ768 ነጥብ ናቸው፣ ካርቶናቸው ላይ የፈለገውን ይጻፉ። አንድ ሚሊዮን ነጥብ ገደማ ማለት ነው። ፎርኬ 3840 በ2160 ነው፤ ከስምንት ሚሊዮን ያልፋል። ፒኤስ5ቱን እዚያ ላይ ብትሰካው የምታየው ያችኑ አንድ ሚሊዮኗን ነው። ጋኑ ቢሞላ የያዝከው ጣሳ ያው ጣሳ ነው። ስለዚህ የወንድምህ ምርጫ የአንድ ፒኤስ5 ብቻ ሳይሆን የፎርኬ ቴሌቪዥንም ዋጋ አለው።

ልጆቹ ስለ ክለብ ያሉህ ደግሞ ልክ ነው። ፊፋ የሚባለው የኳስ ጌም ለፒኤስ3 የወጣው እስከ ፊፋ 19 ነው፣ ከዚያ በኋላ ቆሟል። የፒኤስ3 ዲስክ ፒኤስ4 ላይ አይሠራም፤ የፒኤስ4 ዲስክ ግን ዲስክ የሚጎርሰው ፒኤስ5 ላይ ይሠራል።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። የቴሌቪዥንህ ሴቲንግ ውስጥ "ጌም ሞድ" የሚል ካለ አብራው። ቴሌቪዥን ምስሉን ላሳምር ሲል ያዘገየዋል፤ ልጁ ሹት ተጭኖ ተጫዋቹ ቆየት ብሎ ይመታል። ጌሙ በሴኮንድ 60 ፍሬም (ምስል) ከሄደ በየ16.7 ሚሊሴኮንዱ አዲስ ምስል ይመጣል። ቴሌቪዥኑ 100 ሚሊሴኮንድ ካዘገየ ስድስት ምስል ወደኋላ ቀርተሃል። ፔናልቲ ላይ በረኛ ሆነህ ሞክረው። ለዚህ ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አታወጣም።

ሌላው፣ መብራት ሲጠፋ በምን ትሠራለህ? ፒኤስ5 ከባድ ጌም ላይ ወደ 200 ዋት ይወስዳል፣ ቴሌቪዥኑን ሳትጨምር።

ተረኛ ነኝ

እኔ የናንተ ዓይነት ቤት ደንበኛ ነኝ፣ ሰፈሬ ሌላ ቢሆንም። ምስል አይጠቅምም የምትሉትን አልቀበልም። በቢጫው ገመድ (በድሮው የቪዲዮ ገመድ) የተሰካ ፒኤስ3 ላይ የተጫዋቹ ቁጥር አይነበብም፣ ለማን እያቀበልኩ እንደሆነ ሳላውቅ ስንቴ ተሸንፌ ተነሳሁ! ተሸናፊ ይነሳል በሚባልበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም።

ደግሞ ጉራም አለ። "ትናንት ፒኤስ5 ላይ ነው የመታሁት" ማለት ራሱ 20 ብር ያወጣል። 😂

የድሮ ሰው

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ የዚህ ክርክር አሮጌ ተሰላፊ ነኝ። በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ ላይ ፒኤስ3 በ499 እና በ599 ዶላር ሲወጣ ልጆቼ አላስቀምጥ አሉኝ። በዚያው ሰሞን ኒንቴንዶ የሚባለው ኩባንያ ዊ የተባለውን ማሽን በ249 ዶላር አወጣ። ኤችዲ (ጥርት ያለ ምስል) የለውም፣ ከ480ፒ (ወደ ታች 480 ነጥብ) አያልፍም፤ የኮምፒውተር ባለሙያው የሥራ ባልደረባዬ "አሻንጉሊት ነው" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን የቤት ኪራይ ከፋይ ነበርኩና አሻንጉሊቱን ገዛሁ።

አማቴ ከጎንደር የመጡት በዚያ ክረምት ነው። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ጌም ውስጥ ቦውሊንግ አለ፤ ሪሞቱን ይዘህ እጅህን ስትወረውር ኳሱ ይሄዳል። ልጆቹ ሪሞቱን እጃቸው ላይ አሰሩላቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ "በስመ አብ" ብለው ወረወሩ፣ አሥሩንም ጣሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ውድድር ነው። ስለ ምስሉ ጥራት ያነሱት አንዴ ብቻ ነው፤ እዚያው ጌም ውስጥ ያለውን ቴኒስ ሲያዩ "እነዚህ ሰዎች እግር የላቸውም እንዴ?" አሉ። እውነትም የላቸውም ነበር፣ አጨዋወቱ ላይ ግን ያጎደለው ነገር የለም።

ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ ፒኤስ3 ወደ 87 ሚሊዮን ነው። ይህን ስል ደካማ መሣሪያ ሁሌ ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። ተከታዩ ዊ ዩ ኤችዲ ሆኖ መጥቶ 14 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ በስሙ ምክንያት ብዙ ሰው አዲስ ማሽን መሆኑንም አላወቀም። ወንድም ጉለሌ፣ እኔ አንተን ብሆን ደንበኞቼ ሲጫወቱ ሳይሆን ወረፋ ሲጠብቁ ምን እንደሚያደርጉ ነበር የማየው።

ጉለሌ ጆይስቲክ

ጋሽ የድሮ ሰው፣ ያሉኝን አደረግሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬን ይዤ ወረፋው አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚያደርጉት መነጫነጭ ነው፣ በተለይ ጌሙ ሎድ ሲያደርግ (እስኪከፈት ሲጠበቅ)። ፒኤስ4 ላይ ቡድን ከተመረጠ በኋላ እስከ መጀመሪያው ፊሽካ 50 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ፒኤስ5 ያለው ወዳጄ ቤት ሄጄ ለካሁ፤ 15 ሴኮንድ። የወንድሜ ቪዲዮ ስለ ላብ ሲያወራ ይሄን አንድ ቀን አልነገረኝም!

ሂሳቡን ሠራሁት። ፒኤስ4ቱ ላይ በቀን 40 ጨዋታ አለ፤ 35 ሴኮንድ በ40 ሲባዛ 23 ደቂቃ ነው። አንድ ጨዋታ ከምርጫው እስከ ጭቅጭቁ ሩብ ሰዓት ይወስዳል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ የሚያተርፈኝ በቀን አንድ ጨዋታ ተኩል፣ 30 ብር ነው። በአንዱ ፒኤስ5 ፋንታ ከሚመጡት ሁለት ፒኤስ4 በሁለተኛው ተጨማሪ ወረፋ ብከፍትና ግማሽ ብቻ ቢሞላ 20 ጨዋታ፣ 400 ብር። ተረኛ ስለ ጉራ ያልከው ገብቶኛል፤ ግን አንድ ሳጥን ላይ ስንት ሰው ይጎርራል?

ስለ ቢጫው ገመድ ግን አፈርኩ። ከአራቱ ፒኤስ3 ሁለቱ በእሱ ነው የተሰኩት፤ ኤችዲኤምአይ (ኤችዲ ምስል የሚያሳልፈው) ገመዳቸው ተበጥሶ ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሆነኝ። ኤችዲ ቤቴ ተቀምጦ እኔ ፎርኬ አማክራለሁ። ትናንት ሁለት ገመድ ገዛሁ። ጌም ሞድም ሦስቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ተገኘ፣ ለማንም ሳልናገር አበራሁት። ማታ ያ "ኳሱ ያው ኳስ ነው" ያለኝ ልጅ አራት ሰው አከታትሎ አስነሳና "ጋሼ፣ ጆይስቲክ ቀየርክ እንዴ?" አለኝ።

ለእህቴ ሁለት ፒኤስ4 ብያታለሁ። ወንድሜ አኩርፏል፣ ምሳ እንኳ አልበላም። እሷ ደግሞ ስለ ጌም የምታውቀው ነገር የለም፤ ያገለገለ ስትገዛ ምን ምኑን ትመልከት?

ሽቦ በጥስ

ሳትከፍል ዲስክ አጉርሳ ሩብ ሰዓት ታጫውተው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ከጮኸ ትተወው። አካውንት ገብቶበት ከሆነ ሻጩ እዚያው ፊቷ ያጥፋው። ጀርባው ላይ የተጻፈውንም ታንብብ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ከእኛ 220 ጋር ይሄዳል፣ ሶኬቱን ብቻ ትቀይራለህ። ጆይስቲኮቹን ደግሞ ሳትነካቸው ትያቸው፤ ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ ብቻውን ከሄደ ዋጋ ታስቀንስ።