እስክስታችን ወለል ላይ ሲወርድ ምቱ ይጠፋል፤ መላ በሉን
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጥቂት ወጣቶች ጋር ዘመናዊ ዳንስ እየሠራሁ ነው። የጎጃምን እስክስታ ይዘን፣ ከበሮውንና ማሲንቆውን አስቀርተን፣ ትከሻው በትንፋሽ ብቻ እንዲመታ እየሞከርን ነው። ቆመን ስንሠራው ልብ ይነካል። ወለል ላይ ስንተኛ ግን ትከሻው መሬት ይይዘውና ምቱ ይጠፋል። እዚህ ላይ መላው ጠፍቶናል።

ወለሉም ሲሚንቶ ነው፤ ጉልበት ይልጣል። አዳራሽ ስንጠይቅ «ለሠርግ ነው ለበዓል?» ይሉናል። ለሙከራ ቦታ የሚሰጥ የለም።

ከአዲስ አበባው አዱኛ የዳንስ ቡድን የወጣው ዳንሰኛ ጁነይድ ጀማል በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣት አርቲስቶችን ከአንጋፋ ባለሙያዎች ጋር በሚያገናኘው የሮሌክስ ፕሮግራም ከጃፓናዊው ኮሬዎግራፈር (የዳንስ ቀማሪ) ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አግኝቷል። እኛም የሚያየን ሰው ብቻ ነው የቸገረን። ቪዲዮ ብንልክ አይታችሁ የምታርሙን አላችሁ? ባሕር ዳር የእንጨት ወለል ያለው ቦታ የምታውቁስ? ለጥቂት ቀን ከፈቀዱልን እንመጣለን።