የሣር ማጨጃ ማሽን፦ ሞተሩና የጥገና ወጪው

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ ላለው ቤቴ በቤንዚን የሚሠራ የሣር ማጨጃ ልገዛ ነው። ያገለገለ ሆንዳ ይሻላል ወይስ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር ያለው አዲስ ማሽን?

መልስ፦ የሆንዳ ሞተር በጥንካሬው የተመሰገነ ነው፤ ሆኖም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሣር ማጨጃ ማምረት ስላቆመ አዲሱን ማግኘት ያስቸግራል። የብሪግስ መለዋወጫ ግን በየቦታው ይገኛል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ከስሙ ይልቅ አያያዙን አስቀድማለሁ። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በብርዱ ወራት በታንኩ ውስጥ ከቆየ የካርቡሬተሩን (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን የሞተር ክፍል) ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ካርቡሬተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ርካሽ ቢሆንም፣ ለባለሙያ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል።

ሦስተኛ መልስ፦ ያገለገለውን ከመረጡ አስነሥተው ንዝረቱን ይመልከቱ። ስለቱ ድንጋይ መትቶ ክራንክ ሻፍቱ (ስለቱን የሚያዞረው የሞተር ዘንግ) ከተጣመመ፣ የጥገናው ሒሳብ ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ይተዉት።